ያልተዘጋው ሙሾ

በጥንጁት ሜዳ ከተማ ሰዎች በራቸውን ከፍተው ከመውጣታቸው በፊት አፋቸውን ይገጥማሉ። ልማዱ ከመጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እናቶች ሕፃን ሲያባብሉ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ እንጂ አያዜሙም። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በወንዙ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት ያወራሉ፤ ወሬው ሲያልቅ ዝም ይላሉ፤ ቀድሞ በዚያ ዝምታ ውስጥ ይገባ የነበረው ነገር አሁን አይገባም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሞት ሲያውጅ ሁለት ድምፅ ብቻ ይነፋል። ሦስተኛው ከአንድ የተመዘገበ ዜማ ጋር ይገጥማል ተብሎ ቀርቷል።

በየምሰሶው፣ በየደጃፉና በየመጋዘኑ ጣሪያ ሥር አድማጭ አለ። መጠኑ ከሎሚ አይበልጥም፤ በግንባሩ ላይ አንዲት መብራት አለችው። ሰው ሲነጋገር መብራቷ አትበራም። ሰው ሲያዜም ትበራለች። አረንጓዴ ከሆነች ዜማው ይቀጥላል፤ ቀይ ከሆነች፣ ዜማው በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ነውና፣ ይቆማል። ቀይ በርታበት ያላቆመ ሰው ድምፁ አርባ ቀን ይዘጋበታል። ጉሮሮው ደኅና ነው፤ ጎረቤቱም ይሰማዋል። ነገር ግን በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ለሰው የሚታዘዝ ዕቃ ሁሉ የሚታዘዘው በድምፅ ነውና፣ ድምፁ የተዘጋበት ሰው የገዛ በሩ አይከፈትለትም፤ አውቶቡሱ አይቆምለትም፤ ሐኪም ቤቱም አያውቀውም።

የሻረግ የከተማው የዘር መጋዘን ሠራተኛ ነበረች። ዕድሜዋ ኀምሳ ዘጠኝ ነው። ሥራዋ በየከረጢቱ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ለመደርደሪያዎቹ መንገር ነው። «ነጭ ጤፍ፣ የአምናው። ጥቁር ገብስ፣ የዘንድሮው።» እንዲህ ስትል ስድስት ሰዓት ትውላለች። እናቷ ወይዘሮ ጥጊቱ ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ የእናታቸውም ሥራ ይኸው ነበር። ስለዚህ የየሻረግ ጉሮሮ ካልተጠበቀ በራሱ ወደዚያ የሚሄድ ጉሮሮ ነው። አንድ ቀን ገብስ ስታነብ የአድማጩ መብራት ቀይ ብልጭ ብላ ጠፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከረጢትና በከረጢት መካከል ትንፋሽ ወስዳ እስከ ሦስት ትቈጥራለች።

ባሏ ፈንቴ ከአልጋ ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል። የልቡ መድኃኒት በግድግዳው ላይ በተተከለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ በቀን አራት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ በየሻረግ ድምፅ ብቻ ይከፈታል፤ በተከፈተም ቍጥር አንድ ፍሬ ይሰጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ነርስ ትሞላዋለች እንጂ አትከፍተውም። ሌላ ድምፅ ለማስመዝገብ ወር ይፈጃል። ሐኪሙ ለየሻረግ በግልጽ ነግሯታል፤ መድኃኒቱ ሁለት ቀን ከተቋረጠ የፈንቴ ልብ አይችልም።

ወይዘሮ ጥጊቱ በመጋቢት ወር፣ ማክሰኞ ጧት፣ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተቈረጠ። በጥንጁት ሜዳ ሥርዐት ሙሾ አውራጅ ስትሞት በልጇ ሙሾ ትሸኛለች፤ ያለዚያ አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ እንደ ሌባ ወጣ ይባላል። ስለዚህ የሻረግ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ ዜማ መዝገብ ቤት ሄደች።

በመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ናሁሰናይ የተባለ የሠፈሯ ልጅ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ የሻረግ። ጥሩምባውን ሰምቻለሁ።»

«ፈቃድ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ዐውቃለሁ። እባክዎን ብቻ እዚህ ቆመው እንዳያንጎራጉሩ፤ ይህ ግድግዳ ከእኔ ይልቅ ይሰማል።»

የመፈተሻው ክፍል ቁም ሣጥን ያህላል። የሻረግ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ የእናቷን ሙሾ ከመነሻው አንሥታ እስከ መሸኛው ድረስ አወረደችው። የሙሾው መዝጊያ የሆነውን መሸኛውን አልነካችም፤ እርሱ በአስከሬን ፊት እንጂ በቁም ሣጥን ውስጥ አይባልም።

ናሁሰናይ መፈተሻው ያወጣውን ወረቀት እየተመለከተ አገጩን አከከ። «ዘጠና አራት ከመቶ» አለ።

«ምኑ?»

«ከ‹የደጋ ዕንባ› ጋር ያለዎት መመሳሰል።»

‹የደጋ ዕንባ›ን የማያውቅ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ሊንያ ብራንዴል የተባለች የሰሜን አውሮፓ ተወላጅ የሆነች ነጭ ዘፋኝ በሃያ አራት ዓመቷ ያወጣችው ዘፈን ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ይሰማል፤ ሆቴሎች በአሳንሰር ውስጥ ያሰሙታል፤ በሩቅ አገር ከተሞች ወጣቶች ከበሮ ጨምረውበት ይጨፍሩበታል። ስለ ሊንያ የጻፉ ሰዎች ሁሉ ዜማውን አገኘችው ይላሉ። በጥንጁት ሜዳ ግን ዜማው ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

«የጎደለው ስድስቱ ምን ሆኖ ነው?» አለች የሻረግ።

ናሁሰናይ ወረቀቱን ገለበጠ። «ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጉሮሮ መጥረግ አለ። እርስዎ ዘለሉት።»

«እናቴ ለሊንያ ባሰማችበት ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር» አለች የሻረግ።

«እንግዲህ እኔ የማነብበው ወረቀቱን ነው። ምድብዎ ‹ቅጂ› ይላል። ‹ክብር መግለጫ› ቢል ኖሮ አረንጓዴ ይበራልዎት ነበር።»

«ይህን ክብር መግለጫ የሚሉትን ማን ነው የሚያገኘው?»

«በሙዚቃው ዓለም ታሪክ ያለው ሰው። ወይም ዘፋኟ ከመጣችበት ዓለም የመጣ ሰው። መሣሪያው የእርስዎን መዝገብ አይቶ የዘር መጋዘን ሠራተኛ መሆንዎን አገኘ።»

«መልክም ያያል በለኛ!»

ናሁሰናይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያ ተብሎ አልተጻፈም። እኔ ግን በዚህ መስኮት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ መጥቶ ቀይ የበራበት ሰው አላየሁም።» ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «አንድ መላ አለ፣ እትዬ። ከስልሳ በታች ካወረዱት ያልፋል።»

«እንዴት ነው የሚወርደው?»

«ያበላሹታ! ከፍ የሚለውን ዝቅ፣ ዝቅ የሚለውን ከፍ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወይዘሮ ውብአለም እኮ ባላቸውን የቀበሩት በአርባ ሁለት ከመቶ ነው።»

«እኔም በቀብሩ ነበርሁ። ሰው ሣቁን ለመደበቅ ነጠላውን በአፉ ይዞ ነበር።»

«ያም ቢሆን ድምፃቸው አልተዘጋም» አለ ናሁሰናይ።

የሻረግ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። «መዝገቡ መጀመሪያ ከማን እንደ ወሰደችው አይልም?»

«ይላል።» ናሁሰናይ ጥቂት ፈልጎ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈውን ገጽ አነበበላት። «‹መረጃ ሰጪዋ ወይዘሮ ጥጊቱ ዜማው የማን እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ተጠይቀው፣ የእኔ አይደለም ሲሉ መልሰዋል። ዜማው ባለቤት እንደሌለው ተረጋግጧል።› ከሥሩ አሻራቸው አለ። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አለች የሻረግ። «እናቴ አልዋሸችም።»

ሊንያ በመጣችበት ቀን እርሷም ነበረች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ለእንግዳይቱ በርጩማ ያመጣችው እርሷ ናት። ሊንያ ቀጭንና ትሑት ነበረች፤ የተሰጣትን ሁሉ በሁለት እጅዋ ትቀበል ነበር። በአስተርጓሚዋ አማካይነት «ይህ ዜማ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ጥጊቱ «የእኔ አይደለም» አሉ። «ታዲያ የማን ነው?» «የሟቹ ነው።» «ሟቹ ማን ነው?» «የሚሞተው ነዋ!» ሴቶቹ ሁሉ ሣቁ፤ ሊንያም አብራ ሣቀች። ሙሾ አውራጅ ‹የእኔ ሙሾ› አትልም። ያለች እንደ ሆነ ሞት ቤቷን ያውቀዋል፤ ሳይጠራም ይመጣል። ይህን በጥንጁት ሜዳ የማያውቅ ሰው አልነበረምና ለእንግዳይቱ የነገራት የለም።

ሌላም ያልነገሯት ነገር ነበር። ሙሾ በመሸኛ ይዘጋል፤ መሸኛው ሰባት እርከን ወርዶ የሟቹን ስም መሬት ላይ የሚያኖር ዜማ ነው። የሞተ ሰው በሌለበት መሸኛ ማውረድ የሚሞት ሰው መጥራት ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ጥጊቱ ለመቅረጫው ሲያሰሙ ከመሸኛው ደፍ ላይ ደርሰው አፋቸውን ገጠሙ። ሊንያ ዐይኗን እየጠረገች፣ «በጣም ያምራል። መጨረሻው ይኸው ነው?» አለች።

«ለዛሬ ይኸው ነው» አሉ ወይዘሮ ጥጊቱ።

የሻረግ ከመዝገብ ቤቱ ባዶ እጅዋን ተመለሰች። ፈንቴ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አይቶ መልሱን ዐወቀ።

«በስንት ጣሉሽ?»

«በዘጠና አራት።»

«ጎበዝ! በትምህርት ቤት ሳለሽ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥተሽ አታውቂም።»

አልሣቀችም። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ፈንቴ እጅዋን ያዘ።

«ስሚኝ፣ የሻረግ። አርባ ቀን ምን አላት? እኔ እኮ ድሮም ለመሞት ሰነፍ ነኝ።»

«ሐኪሙ ሁለት ቀን ነው ያለው።»

«ሐኪሙ እናትሽን አያውቃቸውም። ዝም ብለሽ ከሸኘሻቸው ከመቃብር ተነሥተው ነው የሚሰድቡኝ። ‹ለአንተ ስትል ልጄ አፏን ለጎመች› ሊሉኝ ነው?»

«ይስደቡህ» አለች የሻረግ። «በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚሰደበው።»

ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ወደ ሣጥኑ ዞራ «ክፈት» አለች። ሣጥኑ ተከፈተ። ፍሬውን በመዳፏ ይዛ ቆመች፤ ከምስር አይበልጥም። በዚያች ሰዓት ቈረጠች፤ ለእናቷ አታወርድም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። አስከሬኑ በመካከል ነበር። አድማጩ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ ያለ አድማጭ ድንኳን መትከል ከተከለከለ ቆይቷል። ሴቶቹ በዘመኑ ልማድ አለቀሱ፤ ይህም ደረቅ ለቅሶ ይባላል። አንዲቱ ትነሣና ግጥሟን ድምፅዋን ሳታወጣና ሳታወርድ፣ የተጻፈ ነገር እንደምታነብ ሰው፣ ብላ ትቀመጣለች። ሌላይቱ ትቀጥላለች። ደረት የሚመታ የለም፤ ምትም ከዜማ ይቈጠራልና።

ከወይዘሮ ጥጊቱ ጋር አርባ ዓመት ሙሉ ሙሾ ሲቀበሉ የኖሩት ወይዘሮ አንጓች ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሦስተኛይቱ ሴት ግጥሟን ብላ ስትቀመጥ ታገሡ፤ አራተኛይቱ ስትነሣ ግን አልቻሉም።

«እንዲህ ነው ጥጊቱ የምትሸኘው? የእድር ስብሰባ አስመሰላችሁት እኮ! ቃለ ጉባኤውን የሚይዝልሽ ማን ነው፣ አንቺ?»

«እማማ አንጓች፣ ይተዉን እንጂ» አለች ሴቲቱ ወደ አድማጩ መብራት እያየች።

«እኔስ ተውሁ። እርሷ ትተወን እንደ ሆነ ጠይቂልኝ» ብለው በአገጫቸው ወደ አስከሬኑ አመለከቱ። ከዚያም ዞረው የሻረግን አዩአት። የሻረግ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። ወይዘሮ አንጓች የፈንቴን ሕመም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ምንም ሳይጨምሩ ፊታቸውን መለሱ። ያም መመለስ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

በዚህ ጊዜ አንዲት ነጭ ወጣት ወደ ድንኳኑ ገባች። ነጠላዋን በደንብ ዘቅዝቃለች፤ ጫማዋን ከደጅ አውልቃለች። የሊንያ ዘፈን አፍቃሪዎች በየዓመቱ መጥተው የወይዘሮ ጥጊቱን ግቢ ማየታቸው የተለመደ ነበር፤ ወይዘሮ ጥጊቱም ውኃ ያጠጧቸው ነበር እንጂ አንድም ቀን አላባረሯቸውም።

«ኤልሳ እባላለሁ» አለች ወጣቷ በተማረችው አማርኛ። «እማማ ጥጊቱን ለመሰናበት ነው የመጣሁት። በጣም አዝናለሁ። በጣም።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ተቀመጪ» አሏት።

አልተቀመጠችም። በአስከሬኑ ፊት ተንበረከከች፤ ዐይኗን ጨፍና፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ‹የደጋ ዕንባ›ን አነሣች።

በድንኳኑ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ምሰሶው ቀና አለ። መብራቷ በራች። አረንጓዴ ነበረች።

የኤልሳ ድምፅ መልካም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ዕንባዋም እውነተኛ ነበር። ዜማው በድንኳኑ ውስጥ ሲነሣ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ደርቀው የኖሩት ሴቶች አንድ በአንድ ይፈርሱ ጀመር። ባላቸውን በአርባ ሁለት ከመቶ የቀበሩት ወይዘሮ ውብአለም አሁን ለባላቸው አለቀሱ። የሻረግም አለቀሰች፤ ስታለቅስም አፈረች። እርሷን በእናቷ ዜማ እያስለቀሰቻት ያለችው እናቷን የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ቀይ መብራትን የምትፈራ ጉሮሮም አልነበራትም። በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ኤልሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። በዓለም ያለ ዘፋኝ ሁሉ እዚያ ላይ ይጠርጋል።

ከዚያም ከመሸኛው ደፍ ላይ ደረሰችና፣ ዘፈኑ እዚያ ያልቃልና፣ አፏን ገጠመች። መብራቷ ጠፋች።

ኤልሳ ዐይኗን ገልጣ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ያጠፋችው ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀችም። ሙሾ በአስከሬን ፊት ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ሳይዘጋ የቀረ ሙሾ ሌላ ስም ይፈልጋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገውም በሟቹ ዘመዶች ቤት ነው።

«የሻረግ» አሉ ወይዘሮ አንጓች በቀስታ። «ተከፍቷል እኮ።»

የሻረግን የፈንቴ አልጋ ታያት፤ ግድግዳው ታያት፤ የተዘጋው ሣጥን ታያት። ካወረደች ቀይ ይበራል፤ ሣጥኑ ይዘጋል። ካላወረደች ደግሞ የተከፈተው ሙሾ ስም ይፈልጋል፤ በቤቷ የታመመ ሰው አንድ ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል የቆመው ያው ሰው ነበር። በዚህ መካከል ስታወላውል የእናቷ ድምፅ «ለዛሬ ይኸው ነው» ሲል ትዝ አላት። ያን ቀን ለመቅረጫው ያልተሰጠው ይህ ነበር። በመዝገብ ቤቱም ቁም ሣጥን ውስጥ እርሷ ራሷ አልሰጠችውም። አድማጩ ይህን ሰምቶ አያውቅም።

ተነሣች። ከአስከሬኑ ራስጌ ቆማ መሸኛውን አወረደች፤

ስንቱን ሟች ሸኝተሽው በዚያ መልካም ድምፅሽ፣
እናቴ ሆይ ዛሬ ማነው የሚሸኝሽ?

ሰባቱን እርከን ወረደች፤ በሰባተኛው ላይ ‹ጥጊቱ› ብላ ስሙን መሬት ላይ አኖረችው። ጉሮሮዋ ሻክሮ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ሊሰበርባት ደረሰ። ቢሆንም ተዘጋ።

መብራቷ ቀይ አልሆነችም፤ አረንጓዴም አልሆነችም። ቢጫ ሆነች፤ በጥንጁት ሜዳ ያን ቀለም ያየ ሰው ጥቂት ነው። አድማጩ በለሰለሰ የሴት ድምፅ ተናገረ።

«ያልተመዘገበ ዜማ ተሰምቷል። የማን ነው? እስከ ሠላሳ እቈጥራለሁ። መልስ ካልተሰጠ ቀድሞት ለተሰማው ዜማ ባለቤት ይሰጣል።»

መቍጠር ጀመረ።

ኤልሳ እንደ ተንበረከከች ወደ የሻረግ ተጠጋች። «የሕዝቡ ነው ይበሉ» አለች በሹክሹክታ፣ በቅንነትም። «የሁላችሁም ነው። እንዲያ ማለት በጣም ያምራል።»

የሻረግ ያን መልስ በማግስቱ በመዝገብ ላይ የምታነብበው ይመስል ታያት፤ ‹ባለቤት እንደሌለው ተረጋግጧል›፤ ከሥሩ አሻራ። ወደ ሴቶቹ ዞረች። ወይዘሮ አንጓች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳትይው ማለታቸው ነበር። የትኛውን እንዳትል እንደ ሆነ አላወቀችም። አድማጩ ሃያ ስድስት ላይ ደረሰ።

«የእኔ ነው» አለች።

በድንኳኑ ውስጥ ከእርሷ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ጥቂት ፈቀቅ አሉ። ሆን ብለው አልነበረም።

«ተመዝግቧል» አለ አድማጩ።

እንደ ሥርዐቱ መሸኛ ከወረደ በኋላ ሴቶቹ ሦስት ጊዜ ይቀበሉታል። ወይዘሮ አንጓች፣ ምንም ቢሆን ለጓደኛቸው ነውና፣ ደረታቸውን መትተው አነሡት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከመጀመሪያው እርከን ሳያልፉ መብራቷ ቀይ ሆነች።

«ያለ ዜማው ባለቤት፣ ያለ ወይዘሮ የሻረግ፣ ፈቃድ የሚዜም ዜማ ነው። አቁሙ።»

አቆሙ። የሻረግ የገዛ ስሟን ከምሰሶው ላይ ሰማች። «ፈቅጃለሁ» አለች ቶሎ ብላ።

«ለማን? የእያንዳንዳቸው ስም ይነገር።»

አስከሬኑ እየጠበቀ፣ ካህናቱም በደጅ ቆመው፣ የሻረግ በእናቷ ራስጌ ሆና ስም ትጠራ ጀመር። «ለወይዘሮ አንጓች ፈቅጃለሁ። ለወይዘሮ ውብአለም ፈቅጃለሁ። ለእትዬ ደብሪቱ ፈቅጃለሁ።» ስማቸው የተጠራው አንገታቸውን ደፉ፤ ያልተጠሩት ተራቸውን ጠበቁ። በዘር መጋዘን ከረጢት እንደምታነብ ነበር የምታነብባቸው፤ በስምና በስም መካከልም እስከ ሦስት ትቈጥር ነበር።

«በእናትሽ ሬሳ ላይ ፈቃድ ሰጪ ሆንሽብን፣ የሻረግ?» አሉ ወይዘሮ አንጓች።

«ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«እኔስ ምን ዐውቃለሁ! እንግዲህ ከተፈቀደልኝ ልቀበለው» ብለው ዕንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና አነሡት።

ሦስት ጊዜ ተቀበሉት። አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ኤልሳ የየሻረግን እጅ በሁለት እጅዋ ያዘች። ፊቷ በዕንባ ረጥቦ ነበር። «ለእኔስ?» አለች። «ለእኔ አይፈቅዱልኝም? ለመጨረሻው ጊዜ በትክክል ልዘፍነው እፈልጋለሁ። ሙሉውን።»

አድማጩ ስም ይጠብቅ ነበር።

«ልጄ» አለች የሻረግ፣ «አንቺ ማን ሞተብሽ?»

ኤልሳ አፏን ከፈተች፤ ግን የምትሰጠው ስም አልነበራትም። መብራቷ ጥቂት ቆይታ ጠፋች።

ከቀብር ሲመለሱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሴቶቹ ኀዘንተኛዋን እስከ ደጃፏ ያደርሷት ነበር። ዛሬ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ተሰናበቷት። የሻረግ ለበሩ ተናገረች፤ ተከፈተ። ለሣጥኑ ተናገረች፤ ተከፈተ። ፍሬውን ከውኃ ጋር ለፈንቴ አቀበለችው።

«ደኅና አድርገሽ ሸኘሻቸው?» አለ።

«ሸኘኋት።»

«መሸኛውንም?»

«መሸኛውንም።»

«መብራቷስ?»

«ቢጫ ሆነች። የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

ፈንቴ ፍሬውን በምላሱ ላይ እንዳኖረ ቆየ። እርሱም የዚያው አገር ልጅ ነውና ‹የእኔ ሙሾ› ማለት ሞትን ወደ ቤት መጥራት መሆኑን ያውቃል። «ምን አልሻት?» አለ በመጨረሻ።

«የእኔ ነው አልኋት።»

ፈንቴ ውኃውን ጠጣና ብርጭቆውን መለሰላት። ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ ወደ እርሷ አየ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ለእኔ ስታወርጂው ፈቃድ መለመን አይኖርብሽም።» በገዛ ቀልዱ ሣቀ፤ ሣቁም ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ድረስ ጀርባውን ያዘችለት። ሲደክመው ጋደም አለ፤ ዐይኑንም ጨፈነ።

የሻረግ መጋረጃውን ሳትዘጋ በርጩማዋን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠች። ደረቱን ተመለከተች። እስከ ሦስት ቈጠረች፤ ትንፋሹ መጣ። እንደገና እስከ ሦስት ቈጠረች።